የታኪ ፈረስ፦ ከ12 እንስሳት የተረፈ ዘርና ያልተዘጋ ክርክር (የጉዳይ ጥናት)

በጁን 1992 ከአውሮፓ የተነሣ አውሮፕላን 16 ፈረሶችን ጭኖ በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር አረፈ። ሞንጎሊያ ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው ኮርቻ ላይ የሚወጡባት፣ የፈረሷ ቁጥር ከሕዝቧ ቁጥር ጋር የሚፎካከርባት አገር ናት፤ ለእንዲህ ያለች አገር ፈረስ በአውሮፕላን ማምጣት ምን ይሉታል የሚያሰኝ ነገር ነበር። የመጡት ፈረሶች ግን በእረኞች ደጅ ከሚታሰሩት የተለዩ ነበሩ። ሞንጎሊያውያን ታኪ የሚሏቸው፣ በሳይንሱ ዓለም የፕርዜቫልስኪ ፈረስ በሚል ስም የሚታወቁት እነዚህ እንስሳት በአገሪቱ ሜዳ ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት በ1969 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ዘራቸው የቀረው በሌሎች አገሮች የአራዊት ማቆያዎች አጥር ውስጥ ብቻ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የታኪን ጉዳይ ከመጥፋቱ እስከ መመለሱ ይከታተላል። ጉዳዩን የመረጥሁት ስለ ፈረስ አፈጣጠር፣ ስለ ዝግመተ ለውጡና ከሰው ጋር ስላሳለፈው ታሪክ የሚነሡት ዋና ዋና ጥያቄዎች ሁሉ በዚህ አንድ እንስሳ ላይ ስለሚገናኙ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንስሳው

ታኪ ጠንካራና ደልደል ያለ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ራሱ ከአካሉ አንጻር ትልቅ የሆነ አጭር ፈረስ ነው። ክብደቱ 300 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲሆን፣ ቀለሙ የደረቀ ሣር ይመስላል፤ ሆዱና አፍንጫው ዙሪያ ይነጣል፣ ከጋማው ሥር እስከ ጭራው ድረስ በጀርባው ላይ ጥቁር መስመር ይወርዳል፣ በእግሮቹም ላይ ብዙ ጊዜ የሜዳ አህያን የሚያስታውሱ ደብዛዛ ሽንትሮች ይታያሉ። ከቤት ፈረስ በቅጽበት የሚለየው ግን ጋማው ነው። የቤት ፈረስ ጋማ ረዝሞ በአንገቱ ላይ ይተኛል፣ ግንባሩም ላይ ይወርዳል፤ የታኪ ጋማ ግን እንደ ብሩሽ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በግንባሩ ላይም የሚወርድ ፀጉር የለውም።

የአኗኗሩ ሥርዓት ፈረስ ላረባ ሰው እንግዳ አይደለም። አንድ ድንጉላ ጥቂት ባዝሮችንና ውርንጭሎቻቸውን ይዞ ይውላል፤ ባዝራ ያላገኙ ጎረምሳ ድንጉሎች ደግሞ ለብቻቸው ተሰብስበው ይኖራሉ። ባዝራዋ 11 ወር ያህል አርግዛ በአብዛኛው በጸደይ አንድ ውርንጭላ ትወልዳለች።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ልዩነቱ ይሰፋል። የቤት ፈረስ 64 ክሮሞሶም (በሕዋስ ውስጥ የዘር መልእክት የሚሸከም ክር) ሲኖረው ታኪ 66 አለው። የኢትዮጵያ አንባቢ የክሮሞሶም ልዩነት ምን እንደሚያስከትል ከበቅሎ ያውቃል፤ «በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» የተባለላት በቅሎ ከ64ቱ ባዝራና ከ62ቱ አህያ ተወልዳ 63 ይዛ ትቀራለች፣ ትመክናለችም። ታኪና የቤት ፈረስ ሲዳቀሉ ግን የሚወለደው 65 ክሮሞሶም ቢኖረውም አይመክንም፤ በቤት ፈረስ አንድ ሆኖ የሚገኘው ክሮሞሶም በታኪ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ስለሚገኝ እንጂ በውስጡ የተጻፈው መልእክት ብዙም የተለያየ አይደለም። ይህ አንድ እውነታ በኋላ ለተነሣው የመዳቀል ችግር ምክንያት ነው፤ ዲቃላው መካን ቢሆን ኖሮ በታኪና በቤት ፈረስ መካከል ያለው ድንበር ራሱን ይጠብቅ ነበር።

ስሙም አንድ ነገር ያስታውሰኛል። በእኛ አገር ሰው በፈረሱ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው ተብለዋል። እዚህ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ፈረሱ በሰው ስም ተጠራ፤ ያውም ባልጋለበው ሰው። ኒኮላይ ፕርዜቫልስኪ የሩሲያ ጦር መኮንንና አሳሽ ሲሆን፣ በ1878 ከመካከለኛው እስያ ጉዞው ሲመለስ በድንበር ከተማ በዛይሳን የአንድ ፈረስ የራስ ቅልና ቆዳ ተበረከተለት። ስጦታው ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተላከና በ1881 የሥነ እንስሳት ሊቁ ፖልያኮቭ አዲስ ዝርያ ነው ብሎ በፕርዜቫልስኪ ስም ሰየመው። የአገሬው ሰው ግን ታኪን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ስሙም በሞንጎሊያኛ የመንፈስ፣ የተቀደሰ ነገር ትርጉም አለው።

የዘር ሐረጉ

የፈረስ ወገን የተወለደው በእስያ ሳይሆን በአብዛኛው በሰሜን አሜሪካ ነው። ከ55 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው የመጀመሪያው ዘመዱ ከውሻ የማይበልጥ፣ በጫካ ውስጥ ቅጠል የሚቀነጥብ፣ በፊት እግሮቹ አራት አራት፣ በኋላ እግሮቹ ሦስት ሦስት ጣቶች ያሉት እንስሳ ነበር። ጫካው ሳስቶ ሣራማው ሜዳ ሲሰፋ አካሉ ገዘፈ፤ አሸዋና አቧራ የለበሰ ሣር ጥርስ ስለሚሞርድ ጥርሱ ረዘመ፤ ከጣቶቹም የመሐለኛው ብቻ ቀርቶ ሰኮና ሆነ። ዛሬ ፈረስ የሚሮጠው በእያንዳንዱ እግሩ በአንድ ጣት ነው ማለት ነው።

ፈረስ፣ አህያና የሜዳ አህያ ከአንድ ቅድመ አያት የተለያዩት ከ4 እስከ 4.5 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ይህ ግምት የተገኘው በ2013 በካናዳ ዩኮን ከበረዶ ውስጥ የወጣ 700,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የፈረስ አጥንት ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘር መልእክቱ፣ ሲነበብ ነው። ከዚህ ወገን የተወሰኑት በቤሪንግ የየብስ ድልድይ አልፈው ወደ እስያ ከተሻገሩ በኋላ እስከ አፍሪካ ደረሱ፤ በአፋር በረሃ ዛሬም በጥቂት ቁጥር የሚኖረው የዱር አህያ፣ ማለትም የቤት አህያችን የዱር ዘመድ፣ የዚያ ጉዞ ፍሬ ነው። በአሜሪካ የቀሩት ግን ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት ጠፉ። ፈረስ ወደዚያ ምድር የተመለሰው ስፔናውያን በመርከብ ሲያመጡት ነው።

የታኪና የዛሬው የቤት ፈረስ የዘር ሐረግ የተለያየው ከ40,000 ዓመታት በላይ በፊት መሆኑን የጂኖም ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ ታኪ የቤት ፈረስ አባት ነው የሚለው በብዙ የቆዩ መጻሕፍት የሚገኝ አባባል ስሕተት ነው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው።

መጥፋቱ

ዓለም ታኪን ባወቀው በ20 ዓመት ውስጥ ለመያዝ መሽቀዳደም ተጀመረ። በደቡብ ዩክሬን አስካኒያ ኖቫ በተባለ ርስቱ የአራዊት ስብስብ የነበረው ባለጸጋው ፍሪድሪክ ፋልትስ ፋይን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አዳኞችን አሰማራ። የሃምቡርጉ የአራዊት ነጋዴ ካርል ሃገንቤክም በ1901 ሰዎቹን ወደ ሞንጎሊያ ልኮ በአንድ ጊዜ 28 ውርንጭሎችን ከነሕይወታቸው አስመጣ። አያያዙ ጭካኔ የተሞላበት ነበር። ፈረሰኞች መንጋውን ያሳድዳሉ፤ ውርንጭሎቹ ደክመው ወደ ኋላ ሲቀሩ በረጅም ዘንግ ጫፍ በታሰረ ገመድ ይጠምዷቸዋል። የተያዙት የቤት ባዝራ ወተት እየጠቡ ለወራት ተጉዘው ወደ አውሮፓ ሲደርሱ ብዙዎቹ በመንገድ ይሞቱ ነበር። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ከ50 በላይ ውርንጭሎች ቢወሰዱም እስከ ዛሬ የዘለቀ ዘር ያስቀሩት 11 ብቻ ናቸው።

በዱር የቀሩት ምን ገጠማቸው? አንድ ብቻውን ገዳይ የሆነ ምክንያት የለም። በየጊዜው ለሥጋ ታደኑ፤ የእረኞች ከብት እየበዛ ከግጦሹና በተለይ ከውኃው ገፋቸው፤ ወደ ጎቢ በረሃ ዳር ሲገፉ የክረምቱ ጭካኔ ያላቸውን ቀነሰ። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚከፋው የውኃው ነገር ነው፤ በደረቅ ምድር ምንጭን የያዘ መንጋውን ይይዛልና።

በማቆያ የነበሩትም አልዳኑም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአስካኒያ ኖቫ መንጋ በጀርመን ወታደሮች እጅ አለቀ። ጦርነቱ ሲያበቃ በዓለም ሁሉ የቀሩት 31 ታኪዎች ሲሆኑ፣ እየተዋለዱ የቀጠሉት በሙኒክና በፕራግ ማቆያዎች ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ከዱር የመጣ አዲስ ደም የተገኘው አንድ ጊዜ ነው፤ በ1947 በሞንጎሊያ የተያዘች አንዲት ባዝራ በ1957 ወደ አስካኒያ ኖቫ ተወሰደች። ዛሬ በምድር ላይ ያለ ታኪ ሁሉ የዱር የዘር ሐረጉ ሲቆጠር የሚደርሰው ከእነዚህ 12 እንስሳት ዘንድ ነው።

በዚህ ላይ አንዲት የቤት ባዝራ ትጨመራለች። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ሃለ ከተማ አንዲት የሞንጎሊያ የቤት ባዝራ ከታኪ ድንጉላ ጋር ተዳቅላ ነበር፤ ዘሯም ወደ ፕራግ መስመር ገባ። የሙኒክ አርቢዎች የእነርሱ መስመር ከዚህ ቅልቅል ነጻ ነው ብለው ለብቻው ያራቡት ነበር። ንጽሕናን መፈለጋቸው የሚገባ ቢሆንም፣ እንደዚያ ባነሰ ቁጥር ውስጥ መስመርን ከመስመር መለየት ማለት ወንድምን ከእኅት ማዳቀል ማለት ነው፤ የዚህም ዋጋ በውርንጭሎች ሞትና ባጠረ ዕድሜ ተከፈለ።

መዝገቡ

ዘሩን ያዳነው ውሳኔ ከብረት አጥርም ከመድኃኒትም በፊት የተወሰደ የወረቀት ሥራ ነበር። ጀርመናዊቷ የሥነ እንስሳት ሊቅ ኤርና ሞር የእያንዳንዱን ታኪ እናትና አባት፣ የተወለደበትንና የተዛወረበትን ቦታ ለቅማ የዘር መዝገቡን በ1959 አወጣች፤ በዚያው ዓመት በፕራግ ስለዚህ እንስሳ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ፤ መዝገቡንም እስከ ዛሬ የሚይዘው የፕራግ የአራዊት ማቆያ ነው። ለማያውቀው ሰው ይህ አሰልቺ ሥራ ነው። ሆኖም ማን ከማን እንደተወለደ ሳይታወቅ ማንን ከማን ማዳቀል እንደሚገባ ማወቅ አይቻልም፤ መዝገቡ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ ማቆያ በግቢው ያሉትን ሁለትና ሦስት ፈረሶች እርስ በርሳቸው እያዳቀለ ዘሩን ወደ መቃብር ይወስደው ነበር።

በ1977 በኔዘርላንድስ ያን እና ኢንገ ቡማን ከአኔት ግሩነቬልድ ጋር ለታኪ ጥበቃ የሚሠራ ድርጅት አቋቋሙ። ያደረጉት ነገር ቀላልና ብልህ ነበር፤ የዘር መዝገቡን ተከትለው ዝምድናቸው የራቀ ፈረሶችን ከየማቆያው ገዙና በኔዘርላንድስና በጀርመን ሰፊ የታጠሩ ሜዳዎች ላይ ለቀቋቸው። ለትውልዶች በጋጥ የኖረ እንስሳ ሣር ፈልጎ መብላትን፣ መንጋ መሥርቶ መኖርን፣ ድንጉላ ከድንጉላ ተፋልሞ ባዝራ ማግኘትን እንደገና የተለማመደው በእነዚህ ሜዳዎች ነው። በ1992 በአውሮፕላን ለተጀመረው ጉዞ መንገዱን የጠረገው ይህ ሥራ ነው።

መመለሱ

16ቱ ፈረሶች የተወሰዱት ከኡላንባታር በስተ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወደ ሁስታይ ኮረብታዎች ነው። መጀመሪያ በአጥር ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል እየለመዱ ቆዩ፤ በ1994 በሩ ተከፈተላቸው። እስከ 2000 ድረስ በየሁለት ዓመቱ በተደረጉ አምስት ጉዞዎች በድምሩ 84 ታኪዎች መጡ፤ ቦታውም በ1998 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ተኩላ ውርንጭሎችን ቢበላም መንጋው አደገ፤ በሁስታይ ያሉት ዛሬ ከ300 በላይ ናቸው።

በዚያው በ1992 በደቡብ ምዕራብ ጎቢ ታኪን ታል በተባለ ቦታ የተጀመረው ሁለተኛው ሙከራ ግን ብዙ መከራ አሳለፈ፤ ለመማር የሚፈልግ ሰው ከሁስታይ ይልቅ ይህን ቢመረምር ይሻለዋል። የመጀመሪያው ጠላት መዥገር ነበር። በአካባቢው የሚወለዱ ፈረሶች መዥገር የሚያስተላልፈውን የደም ተውሳክ በውርንጭላነታቸው ስለሚለምዱት አይጎዳቸውም፤ ከአውሮፓ አድገው የመጡት ታኪዎች ግን ይህ መከላከያ ስላልነበራቸው ብዙዎቹ ሞቱ። እንስሳው ወደ አያቶቹ ምድር ተመለሰ ቢባልም ሰውነቱ ለምድሪቱ እንግዳ ነበር።

ሁለተኛው አደጋ በ2009 እና 2010 መካከል ባለው ክረምት መጣ። ሞንጎሊያውያን ዙድ የሚሉት፣ ሣሩን በበረዶ ሥር የሚቀብር ብርቱ ክረምት ነው። በጎቢ የነበሩት ታኪዎች ከግማሽ በላይ አለቁ። በዚያው በረሃ የሚኖረው የእስያ የዱር አህያ ግን ጉዳቱ ቀላል ነበር፤ እርሱ እጅግ ሰፊ አገር ስለሚያካልል በረዶው ከበዛበት ወደ ሳሳበት ሸሸ። ታኪ በተለቀቀበት አካባቢ፣ ጥሩ ሣርና ውኃ ባለበት ጠባብ ቦታ፣ ረግቶ ይኖር ስለነበር በረዶው በዚያው ደረሰበት። ይህ የጥበቃ ባለሙያዎችን መንጋውን በአንድ ሥፍራ አለማከማቸት እንደሚገባ አስተምሯቸዋል፤ ከ2011 ጀምሮ የፕራግ ማቆያ በቼክ ጦር አውሮፕላኖች ተጨማሪ ፈረሶችን ወደ ጎቢ ወስዷል።

በቻይና ዢንጂያንግም በ1980ዎቹ የተጀመረ እርባታ በ2001 ፈረሶችን ወደ ዱር ለቋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ 30 ያህል ታኪዎች በቼርኖቢል አካባቢ፣ የሰው ልጅ ለቅቆ በሸሸው ምድር ተለቀው እስከ አሁን እየተዋለዱ ይኖራሉ። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ታኪን ከዱር የጠፋ ከሚለው መደብ አውጥቶ በ2008 እጅግ ብርቱ አደጋ ላይ ያለ፣ በ2011 ደግሞ አደጋ ላይ ያለ ብሎታል። በዓለም ያለው ቁጥር ዛሬ 2,000 ገደማ ነው።

የዱር ነው ወይስ የኮበለለ?

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ያማረ ነበር። በ2018 ግን የጥንት ዲኤንኤ ተመራማሪዎች ማንም ያልጠበቀውን ውጤት አወጡ። በሰሜን ካዛክስታን ቦታይ በሚባል ሥፍራ ከ5,500 ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች ምግባቸውም ሥራቸውም ፈረስ ነበር፤ ከሰፈራቸው የተቆፈረው ከ300,000 የሚበልጥ የአጥንት ስብርባሪ ከሞላ ጎደል የፈረስ ነው። በ2009 የወጣ ጥናት በሸክላዎቻቸው ውስጥ የባዝራ ወተት ቅባት፣ በፈረሶቹ ጥርስ ላይም የልጓም ፍግፍጊያ የሚመስል ምልክት ማግኘቱን አስታውቆ ስለነበር፣ ቦታይ ፈረስ መጀመሪያ የተለመደባት ሥፍራ ናት ተብሎ ነበር። እንግዲህ የቦታይ ፈረሶች የዛሬው የቤት ፈረስ አያቶች መሆን ይገባቸው ነበር። ዲኤንኤው ሲነበብ ግን የእነርሱ ዘር ሆኖ የተገኘው ታኪ ነው።

ይህ ማለት የመጨረሻው የዱር ፈረስ ሲባል የኖረው እንስሳ ከቤት ኮብልሎ የቀረ ፈረስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ እንደ አሜሪካ የሜዳ ፈረሶች ወይም በእኛው በምሥራቅ ሐረርጌ በቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት እንደኖሩት። ክርክሩ ወዲያው ተቀጣጠለ። በ2021 ሌሎች ተመራማሪዎች የጥርሱ ምልክት ልጓም ባላዩ የዱር ፈረሶችም ላይ እንደሚገኝ አሳይተው፣ ቦታዮች አዳኞች እንጂ አርቢዎች አልነበሩም አሉ። በ2024 ደግሞ በ475 የጥንት ፈረሶች ጂኖም ላይ የተመሠረተ ጥናት በቦታይ ፈረሶች ትውልድ ከትውልድ የሚለይበት ጊዜ አጥሮ መገኘቱን አስታወቀ፤ ይህም ሰው እርባታቸውን ያፋጥን እንደነበር ያመለክታል።

የዛሬው የቤት ፈረስስ ከየት መጣ? በ2021 የወጣው ትልቅ ጥናት ምንጩን በቮልጋና በዶን ወንዞች ታችኛ ተፋሰስ ላይ አግኝቶታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2200 አካባቢ በዚያ የተራባ አንድ መስመር በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ በአውሮፓና በእስያ ተሰራጭቶ በየአካባቢው የነበሩትን ፈረሶች ከሞላ ጎደል ሁሉ ተክቷቸዋል። በዚህ መስመር ከተመረጡት ጂኖች አንዱ ከጀርባ ጥንካሬ፣ ሌላው ከጠባይ ገርነት ጋር ይያያዛል፤ ሸክም የሚችል ጀርባና የማይደነብር ልብ የተፈለገው ለመጋለብና ለሠረገላ መሆኑ ግልጽ ነው። የቦታይ ሰዎች ፈረስን ለሥጋና ለወተት ያዙት፤ የቮልጋ ዶን ሰዎች ለጉዞ። ዓለምን የለወጠው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ሙከራ ትቶልን የሄደው ታኪን ነው።

እኔ የቦታይ ሰዎች ፈረስ ያረቡ ነበር የሚለው ወገን ማስረጃ የሚያመዝን ይመስለኛል፤ በሸክላ ውስጥ የተገኘ የባዝራ ወተትን በአደን ብቻ ማስረዳት ከባድ ነውና። ያም ሆኖ የታኪ አያቶች 5,000 ዓመት ያለ ኮርቻና ያለ እረኛ ኖረዋል፤ ድንጉላቸውን የመረጠላቸው ፍልሚያ እንጂ ሰው አይደለም። በአንጻሩ ሰው እያንዳንዱን ጋብቻቸውን በመዝገብ የወሰነላቸው ከ1959 ወዲህ ነው። እንግዲህ ታኪ ከቤት ፈረስ ጋር የተቀራረበው ከቦታይ ይልቅ በፕራግ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

አሁን ያለበት

የ12ቱ እንስሳት ጠባብ በር ዛሬም ይፈትናል። በኦገስት 2020 በአሜሪካ ቴክሳስ ከቤት ባዝራ ማኅፀን የተወለደው ኩርት የተባለ ውርንጭላ በ1980 በሳን ዲዬጎ በቅዝቃዜ ከተቀመጠ የአንድ ድንጉላ ሕዋስ የተቀዳ (ክሎን የተደረገ) ነው፤ ድንጉላው የተመረጠው በዛሬው መንጋ ውስጥ ብርቅ የሆነ የዘር ልዩነት ስለያዘ ነው። በሞንጎሊያ ደግሞ ጠባቂዎች የእረኞችን ድንጉሎች ከታኪ ባዝሮች ሲያርቁ ይውላሉ፤ ዲቃላው የማይመክን በመሆኑ አንድ ያመለጠ ድንጉላ የብዙ ዓመት ሥራ ያበላሻልና።

በጁን 2024 ሰባት ታኪዎች ከፕራግና ከበርሊን በቼክ ጦር አውሮፕላኖች ተጭነው ወደ ካዛክስታን ሄዱ፤ የተለቀቁትም በቶርጋይ ሜዳ በታጠረ መለማመጃ ውስጥ ነው። ቦታይም በዚያው አገር ናት።